«ለምን?» ያሉት ሰው



ሞፈር የወንድ፣ ምድጃ የሴት ነው ያለ ማነው? ልማድ ነው። ከተማው የተሻለ አይምሰላችሁ። እኛ አስተማሪዎቻችሁ ባደግንበት በአዲስ አበባ፣ በጎፋ ሰፈርም፣ ወንድ እንጀራ ሲጋግር ቢታይ የሚስቅበት አይጠፋም።

አቶ ዙምራ ኑሩ የደቡብ ጎንደር ሰው ናቸው። ገና በልጅነታቸው አንድ ነገር ተመለከቱ። እናትና አባታቸው እርሻ ላይ እኩል ሲደክሙ ይውላሉ። ማታ አባት ያርፋሉ። እናት ግን ይፈጫሉ፣ ይጋግራሉ፣ የአባትን እግር ያጥባሉ። ልጁ «ለምን?» አሉ። መልስ አላገኙም። እንዲያውም እንደ እብድ ተቆጠሩ።

ትምህርት ቤት አልገቡም። ሆኖም ሐሳባቸውን ከተቀበሉ ሰዎች ጋር በ1964 ዓ.ም. በፎገራ ወረዳ የአውራ አምባን ማኅበር መሠረቱ። በዚያ ሴት ታርሳለች፤ ወንድ ይፈትላል፣ ይጋግራል። ጎረቤት ጠላቸው። በደርግ ዘመንም መንደራቸውን ጥለው ተሰደዱ። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ተመለሱ። መሬታቸው ጥቂት ስለ ነበር በሽመና ኑሯቸውን ደጎሙ።

ልማድ ሁሉ ክፉ አይደለም። ግን «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባል የለ? እናንተም «በስተርጅና ፊደል?» እየተባላችሁ ደብተር ይዛችሁ ወጥታችኋል።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ማን እንደሚያርፍ፣ ማን እንደማያርፍ ልብ በሉ። ከዚያ «ለምን?» በሉ።