የ1989ኙ የመሬት ድልድል ዐዋጅና የክልላችን ቃል

በአጣዬና በአካባቢዋ በጥብቅና የሚተዳደር ሰው ከሚይዛቸው መዝገቦች የሚበዙት የመሬት ናቸው። የድንበር መግፋት፣ የኪራይ ውል፣ የውርስ ክፍፍል፣ በስጦታ ስም የተደረገ ሽያጭ፣ ባልና ሚስት ሲለያዩ የሚነሣ የይዞታ ክርክር፤ ከሸዋ ሮቢት እስከ ሰንበቴ ያለው ገበሬ ወረዳ ፍርድ ቤት የሚመላለሰው በአብዛኛው በእነዚህ ነው። በመዝገቦቹ ውስጥ ደጋግሞ የሚታይ አንድ ጠባይ አለ። ገበሬው መብቱን በሕግ ከማስከበር ይልቅ ከሕግ ዐይን መሰወርን ይመርጣል። ለዓመታት በጽሑፍ ሊያከራይ የሚችለውን መሬት ለአንድ ወቅት በቃል ያከራያል። ልጁ ከተማ ገብቶ ሥራ ሲይዝ ለቀበሌ ከመናገር ይቆጠባል። መሬት ለኪ ባለሙያ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሊቀንሱብን ነው ወይ?» ብሎ ነው። ይህ ከሕግ አለማወቅ የመጣ ነው የሚሉ የሙያ ባልደረቦች አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ገበሬው ሕጉን ከምንገምተው በላይ ያውቃል፤ ያላመነው ሕጉን ያወጣውን አካል ነው። ለዚህ አለማመን ብዙ ምክንያት መደርደር ይቻላል። ከሁሉም ጎልቶ የሚታየኝ ግን የአማራ ክልል ምክር ቤት በ1989 ዓ.ም. ያወጣው የገጠር መሬት ይዞታ ድልድል ዐዋጅ ቁጥር 16 ነው።

ዐዋጁ ያለ ምክንያት የመጣ አልነበረም። ደርግ በየካቲት 1967 ባወጣው ዐዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን ሁሉ የሕዝብ ሀብት ካደረገ በኋላ በየገበሬ ማኅበሩ ድልድልና ሽግሽግ ሲደረግ ኖሯል። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ትዳር የያዘ ግን መሬት ያልደረሰው ወጣት፣ ከሰፈራ የተመለሰ ቤተሰብ፣ ከተበተነው ጦር ወደ ቀዬው የገባ ወታደር በየቀበሌው ሞልቶ ነበር። መሬት ለሌለው መሬት መፈለግ የመንግሥት ግዴታ ነው፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ገበሬው መሬት በነፃ የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል መብት እንዳለው ደንግጓል። ቁጥር 16 የሚሠራው ሁለቱን መብቶች ማስታረቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የታሪክ ተማሪ እንጂ የሕግ ባለሙያ ባላነሣው ነበር። በዐዋጁ አፈጻጸም ግን ባለይዞታው ምን ያህል መሬት እንዳለው ብቻ ሳይሆን ድሮ ምን እንደነበረ ተጠየቀ። በደርግ ዘመን በገበሬ ማኅበር አመራር ላይ የነበሩት «ቢሮክራት»፣ ከዚያ በፊት በነበረው ሥርዓት ሹመት ወይም ጉልት ነበራቸው የተባሉት «የፊውዳል ርዝራዥ» ተብለው ተለዩ። ሌላው ገበሬ እስከ 3 ሄክታር እንዲይዝ ሲፈቀድለት ለእነዚህ የተተወላቸው 4 ጥማድ፣ ማለትም 1 ሄክታር ገደማ ብቻ ነበር። የቀረው ተቆርሶ ለሌላ ተሰጠ።

በሕግ ዐይን የዐዋጁ ዋና ሕመም እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው በ1970 የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊ ወይም የፍርድ ሸንጎ አባል ሆኖ መመረጡ በማናቸውም ሕግ ወንጀል አልነበረም። በሥልጣኑ ተጠቅሞ የሰው መሬት የቀማ ካለ እርሱን በስሙ ከስሶ፣ ማስረጃ አቅርቦ፣ መልሱን ሰምቶ መፍረድ ይቻል ነበር። የተደረገው ግን የጅምላ ፍረጃ ነው። የበደለውም ያልበደለውም፣ ዐሥር ዓመት የመራውም ጥቂት ወር ጸሐፊ የሆነውም በአንድ ስም ተጠራ። ፈራጁ የቀበሌ ኮሚቴና የስብሰባ ግምገማ ሲሆን፣ ጉዳዩን በነፃ ፍርድ ቤት የማሰማት በር እጅግ ጠባብ ነበር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ናቸው፣ በአንቀጽ 37 ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት የማቅረብ መብት አለው ይላል። ያ ሕገ መንግሥት ከጸደቀ ገና ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው የክልሉ ምክር ቤት ከእርሱ ጋር ፊት ለፊት የሚጋጭ አሠራር የከፈተው። ለገበሬው የተላለፈው መልእክትም ግልጽ ነበር፦ ዛሬ መንግሥት የሚሰጥህ ኃላፊነት ነገ ሌላ መንግሥት ሲመጣ መሬትህን የሚያስቀማ ጥፋት ሊሆን ይችላል። ዛሬ በየቀበሌው ዐቅም ያላቸው ሰዎች ኮሚቴ ውስጥ አንገባም ሲሉ የሚገረም አስተዳዳሪ ይህን ማስታወስ አለበት።

የፖለቲካው ዋጋ ወዲያው ነው የታየው። ድልድሉ በርትቶ ከተካሄደበት ከጎጃም ገበሬዎች ተሰባስበው በ1989 አቤቱታቸውን ይዘው አዲስ አበባ ድረስ ሄዱ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደግፈዋቸው ሰልፍ ወጡ፤ ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ ታሰሩ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤ ስለ ድልድሉ መግለጫ አወጣ። ኖርዌያዊው ተመራማሪ ስቬን ኤገም በዚያው ዓመት «የተስፋይቱ ምድር» የሚል ርእስ የሰጠውን ጥናት ጻፈበት። ክልሉ በውጭው ዓለም አጥኚዎች ዘንድ በመሬት ጉዳይ ከታወቀባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ዐዋጅ ነው። ከዚህ የከፋው ግን በገዛ ሕዝቡ ዘንድ ያተረፈው ስም ነው። ክልሉን ያስተዳድር የነበረው ብአዴን ራሱን የአማራ ገበሬ ድርጅት ብሎ ይጠራ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን በብዙ ገበሬ አፍ የሚነሣው መሬት ቆርሶ እንደ ወሰደ ድርጅት ሆኖ ነው። በ1997ቱ ምርጫ ተቃዋሚው ቅንጅት መሬት የገበሬው የግል ሀብት ይሁን ብሎ ሲከራከር በክልሉ ሰሚ ያገኘው በከፊል ከስምንት ዓመት በፊት የተዘራው ቂም ስለነበረ ነው ብዬ አምናለሁ። ድርጅቱ በ2011 ስሙን ወደ አዴፓ ለወጠ፣ በ2012 ብልፅግና ውስጥ ገባ። ሆኖም «ቢሮክራት» የተባለ ሰው ልጅ የአባቱን መሬት የቀማው ማን እንደሆነ ሲጠየቅ የሚጠራው ዛሬም ያንኑ የድሮ ስም ነው።

ፍርሃቱ ድልድሉ ባልደረሰበትም ቦታ ይኖራል። ሰው ለመስጋት የገዛ ማሳው ላይ ገመድ እስኪዘረጋ አይጠብቅም፤ በዚያው ክልል፣ በዚያው ምክር ቤት ሕግ የሚተዳደር ሌላ ገበሬ ምን እንደደረሰበት መስማት ይበቃዋል። አጣዬ በምትገኝበት በቆላው ይፋት ይህ ስጋት በገንዘብ ይለካል። በሮቢና በአጣዬ ወንዞች ዳር ያለው መሬት በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም፣ በዝናብ ደግሞ ማሾና ማሽላ ያበቅላል። ለመስኖ ቦይ ለመቆፈር፣ ሞተር ለመግዛት፣ ፍራፍሬ ለመትከል ተከራዩ የብዙ ዓመት ዋስትና ይፈልጋል። ሕጉም ይፈቅድለታል፤ ዐዋጅ ቁጥር 133/1998 እስከ 25 ዓመት ማከራየትን ደንግጎ ነበር። አከራዩ ግን ረጅም ውል መፈረሙን «መሬቱን አይፈልገውም» ብለው ያስቡብኛል ሲል ይፈራዋል። ስለዚህ ውሉ ለአንድ ወቅት፣ በቃል፣ በሁለት ሽማግሌ ፊት ይሆናል። ክርክር ሲነሣ ደግሞ ማስረጃ የሌለው ወገን ይሸነፋል፤ ብዙ ጊዜ የሚሸነፈው ድሃው ነው።

በዐዋጁ ላይ በማቀርበው በዚህ ወቀሳ ሁለት ጠንካራ መቃወሚያዎች ይቀርባሉ። የመጀመሪያው ዐዋጁ ብዙ መሬት አልባዎችን ጠቅሟል የሚለው ነው። እውነት ነው። ራሳቸውን ችለው ቤት የሚመሩ ሴቶች፣ ከዚያ በፊት በባል ወይም በአባት ስም ካልሆነ ማሳ የማያገኙ፣ በዚያ ድልድል በስማቸው መሬት አግኝተዋል። ይህን ማሳነስ ተገቢ አይደለም። ሆኖም መሬቱን ለሴቶቹ ለመስጠት የሌላውን ሰው ያለፈ ሕይወት መፈረጅ አስፈላጊ አልነበረም። ለሁሉም እኩል የሚሠራ የይዞታ ጣሪያ ቢወጣ፣ ከጣሪያው በላይ ያለው በሙሉ ይገኝ ነበር፤ ይቅርታ የሚጠየቅበትም ነገር አይኖርም ነበር። ፍረጃው ተቀባዮቹንም ጎድቷቸዋል፤ መሬታቸው «የእገሌ የነበረ» እየተባለ በጎረቤት ዐይን ሲጠየቅ ኖሯል። ጥሩ ዓላማ ያለውን ሕግ በክፉ መመዘኛ መጻፍ ተጠቃሚውን ከተበዳዩ ጋር ለትውልድ ማቀያየም ነው።

ሁለተኛው መቃወሚያ ከበድ ይላል። ገበሬው የማያምነው መሬቱ የመንግሥት ስለሆነ ነው፤ የአንድ ክልል አሮጌ ዐዋጅ ምን ያደርጋል? ይላል። ይህን ለመመዘን በአንድ ሕገ መንግሥት ጥላ ሥር ያሉትን ሌሎች ክልሎች ማየት ይበቃል። ትግራይ ድልድሏን በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዘግታ ነበር። ኦሮሚያ በዐዋጅ ቁጥር 130/1999 ከመስኖ መሬት በቀር ድልድል እንዳይኖር አድርጋለች። በሁሉም ዘንድ የመሬት ባለቤትነት ጥያቄ አለ፤ በሁሉም ዘንድ ገበሬው ሙግተኛ ነው። በአንድ ጀምበር «ቢሮክራት» ተብሎ መሬቱ የተቆረሰበት ሰው ትዝታ ግን የእኛ ክልል ድርሻ ነው። ያንን የጻፈው ፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ሳይሆን የገዛ ምክር ቤታችን ነበር። ፌዴራሉ የገጠር መሬት አስተዳደር ዐዋጅ ቁጥር 89 ራሱ የወጣው ድልድሉ ከተካሄደ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ነው። የክልል ነፃነት ያለን ሰዎች ነን ካልን፣ የክልል ጥፋትም ያለን ሰዎች ነን።

የአንድ ክልል ሕግ ከዕድሜው በላይ መኖሩ በእኛ ብቻ የታየ አይደለም። በአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ በ1994 እ.ኤ.አ. መራጩ ያለ ሕጋዊ ፈቃድ የሚኖሩ ስደተኞችን ከትምህርት ቤትና ከሕክምና አገልግሎት የሚከለክል «ፕሮፖዚሽን 187» የተባለ ሕግ አጸደቀ። ሕጉን የደገፉት አገረ ገዥ ፒት ዊልሰን በዚያው ምርጫ አሸነፉ፤ የፌዴራል ፍርድ ቤት ግን አብዛኛውን ክፍል ሥራ ላይ ሳይውል አገደው። ይሁንና የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸው ዜጎች በብዛት ለመራጭነት ተመዝግበው ከሪፐብሊካን ፓርቲ ራቁ፤ ፓርቲው በዚያ ክልል እያደር ለደረሰበት መዳከም ብዙዎች ይህን ሕግ አንዱ ምክንያት አድርገው ይቆጥሩታል። አብዛኛው ክፍሉ ሥራ ላይ ያልዋለ ሕግ ይህን ያህል ካደረሰ፣ የእኛው ማሳ ላይ የዋለው ምን እንዳደረገ መገመት አያዳግትም።

ክልሉ ስሕተቱን ለማረም ምንም አልሠራም ማለት ግን ሐሰት ይሆናል። በ1992 የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 46፣ ከዚያም ቁጥር 133/1998 ድልድልን በጠባብ ሁኔታ የሚፈቀድና በባለይዞታዎቹ ፈቃድ የሚደረግ አድርገውታል። በስዊድን መንግሥት ድጋፍ የተጀመረው የይዞታ ምዝገባም የባልና የሚስትን ፎቶግራፍ ጎን ለጎን የያዘ ደብተር ለገበሬው አስገኝቷል። በፍርድ ቤት ሥራችን ያ ደብተር የብዙ መበለቶችን ማሳ አድኗል፤ ከክልሉ ሥራዎች ሁሉ ይበልጥ የማከብረው ይህን ነው። ቁጥር 252/2009 ደግሞ የመጠቀም መብትን ለብድር ዋስትና ማስያዝ እንዲቻል በር ከፍቷል። በእነዚህ ሁሉ ዐዋጆች ውስጥ ግን ስለ 1989ኙ ፍረጃ ስሕተት ነበር የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር አላገኘሁም። ምክር ቤቱ አሠራሩን ለወጠ፣ ለቃሉ ግን ኃላፊነት አልወሰደም።

ይህ በተለይ ለአጣዬ ያለፈ ነገር አይደለም። በ2011፣ በ2013 እና በ2015 በተነሡት ግጭቶች ከተማዋ ተጠቅታለች፤ በሚያዝያ 2013 አብዛኛው ክፍሏ ተቃጥሎ ነዋሪው ተፈናቅሏል። በአጎራባቹ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ወረዳዎችም በዚያው ዘመን ሰው ሞቷል፣ ከቀዬው ሸሽቷል። ቤት ሲቃጠል የመሬት ደብተሩም አብሮ ይቃጠላል። የመሬት ሕጋችን ደግሞ አካባቢውን ለቆ የጠፋን፣ መሬቱንም ጦም ያሳደረን ባለይዞታ መብቱን የሚያሳጡ ድንጋጌዎችን ይዟል። እነዚህ የተጻፉት መሬቱን ንቆ ለሄደ ሰው እንጂ በጥይት ለተባረረ አይደለም። ሆኖም ልዩነቱ በግልጽ ካልተደነገገ ለቀበሌ ኮሚቴ ትርጓሜ ይተዋል፤ ኮሚቴ ደግሞ በ1989 ምን ሊያደርግ እንደሚችል አይተናል። በአጣዬ በኩል ያለውም ሆነ በጂሌ ጥሙጋ በኩል ያለው ገበሬ የሚተዳደረው በአንድ ምክር ቤት ሕግ ነው፤ የአንዱ መሬት በመፈናቀሉ ምክንያት ለሌላው ቢሰጥ ክርክሩ ከይዞታ አልፎ ወዴት እንደሚሄድ እዚህ ለሚኖር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

በ1989 የተቆረሰው መሬት ይመለስ አልልም። ተቀባዮቹ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ አርሰውታል፣ ልጆቻቸውን አሳድገውበታል፣ አውርሰውታል፤ ከእነርሱ መንጠቅ ሁለተኛ በደል ነው። ሊመለስ የሚችለው የሰዎቹ ክብርና የክልሉ ቃል ነው። የክልሉ ምክር ቤት የመሬት ሕጉን ዳግም ሲያሻሽል ሦስት ነገር እንዲጽፍ እጠይቃለሁ። ማንም ሰው ቀድሞ በያዘው ኃላፊነት ወይም በቤተሰቡ ታሪክ ምክንያት የመሬት መብቱ እንደማይቀነስ፣ የ1989ኙም ፍረጃ ሕገ መንግሥቱን የሚቃረን እንደነበረ፤ በግጭት የተፈናቀለ ባለይዞታ ምንም ያህል ዘመን ቢርቅ መሬቱን እንደተወ እንደማይቆጠር፤ ደብተሩ የተቃጠለበትም ያለ ክፍያ ከመዝገብ ተገልብጦ እንደሚሰጠው። ለገበሬውም አንድ ቃል አለኝ፦ የኪራይ ውልህን በጽሑፍ አድርገው፣ በወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት አስመዝግበው፣ አንዱንም ቅጂ ከቤትህ ውጭ በሚታመን ዘመድ ዘንድ አስቀምጠው።