ያውቁ ኖሯል? በሙዝ ጠጅ የታጠበው ሆድ

በ1879 እ.ኤ.አ. ሮበርት ፌልኪን የተባለ አውሮፓዊ ተጓዥ በዛሬዋ ኡጋንዳ፣ በቡኒዮሮ፣ ሆድ ተቀዶ ልጅ ሲወጣ በዓይኑ አየ። የአገሬው ሐኪም ቢላዋውን ከማንሳቱ በፊት እጁንና የወላዷን ሆድ በሙዝ ጠጅ አጠበ (እሷም ሕመሙን እንድትችለው ከዚያው ጠጅ ጠጥታ ነበር)። ልጁ ከወጣ በኋላ ቁስሉን በቀጫጭን የብረት ካስማዎች ሰክቶ በክር ገጠመው፤ ከሥራሥር የተዘጋጀ ልቁጥም ቀባበት። በ11ኛው ቀን ቁስሉ ጠግጎ ነበር። ማህፀኑ ግን አልተሰፋም፤ አውሮፓ ውስጥ እንኳ ማህፀንን መስፋት የተለመደው ጀርመናዊው ማክስ ዜንገር በ1882 ዘዴውን ካሳወቀ ወዲህ ነው።

ዛሬ ጠጁን የቆዳ ማጽጃና አንቲባዮቲክ ተክተውታል። የአንቲባዮቲኩ መርፌ የሚሰጠው ቆዳው ከመቀደዱ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ነው፤ ቀድሞ ግን መድኃኒቱ ወደ ሕፃኑ እንዳያልፍ እየተባለ እትብቱ እስኪታሰር ይጠበቅ ነበር።

አስቸጋሪው ነገር፣ የቁስሉ ኢንፌክሽን ብዙ ጊዜ ብቅ የሚለው እናቲቱ ቤቷ ገብታ፣ ገንፎው ተገንፍቶ፣ ጠያቂ ሲጎርፍ መሆኑ ነው። ስፌቱ ዙሪያ ቀልቶ ካተኮሰ፣ መግል ከያዘ፣ ከሸተተ ወይም አራሷን ትኩሳት ከያዛት፣ ጠያቂው ይቆይ፤ ሐኪም ቤት ይቀድማል።