ኮሶ፦ መድኃኒቱና ማስረጃው

«እንደ ኮሶ መረረኝ» የሚለው አነጋገር ያለ ምክንያት አልተፈጠረም። አያቶቻችን ጥሬ ሥጋ ከመመገብ ከሚመጣው ረጅም ትል ለመገላገል ይህንን መራራ አበባ ደቁሰውና በጥብጠው፣ ብዙዎቹም በየሁለት ወሩ ያህል፣ ይጠጡ ነበር። ትሉ ራሱ ስሙን ያገኘው ከመድኃኒቱ ነው፤ የኮሶ ትል እንለዋለን። ለመሆኑ ኮሶ በእርግጥ ያሽራልን?

ዛፉ በሳይንሳዊ ስሙ ሐጌንያ አቢሲኒካ ይባላል፤ የሚበቅለው በደጋ ነው። ወንዴውና ሴቴዋ የተለያዩ ዛፎች ሲሆኑ፣ ለመድኃኒት የሚመረጠው የሴቴዋ ቀላ ያለ አበባ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ኮሶ ጽፏል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመንም የአውሮፓ ሐኪሞች ለዚሁ ሕመም ያዙት ነበር። ቆየት ብሎ ኬሚስቶች ከአበባው ኮሶቶክሲንን የመሰሉ፣ የፍሎሮግሉሲኖል ወገን የሆኑ ውሁዶችን ለይተው አወጡ። የአበባው ኃይል የሚገኘው ከእነዚህ ውሁዶች ስለሆነ ነባሩ ልምድ መሠረት የለሽ አልነበረም።

ሆኖም ትሉ ወጣ ማለትና በሽተኛው ዳነ ማለት አንድ አይደለም። ትሉ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 12 ሜትር ይረዝማል፤ በአንጀት ግድግዳ ላይ የሚጣበቀው ግን በትንሿ ራሱ ነው። አካሉ ወጥቶ ራሱ ከቀረ በ3 ወር ገደማ እንደገና ያድጋል። ምልክቱ ተመልሶ ሲታይ ወይ ራሱ ቀርቶ ነበር፣ ወይ ጥሬ ሥጋ አዲስ ትል አምጥቷል። ስለዚህ «ወጣልኝ» የሚለው ምስክርነት ብቻውን አይበቃም፤ የወጣውን መመርመር፣ ከ3 ወር በኋላም ሰገራውን ደግሞ ማየት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጥያቄ የመጠን ነው። በፊዚክስ መለኪያ የሌለው ቁጥር ትርጉም የለውም፤ እፍኝ ደግሞ የተወሰነ መለኪያ አይደለም። በአንድ እፍኝ አበባ ውስጥ ያለው ውሁድ እንደ ዛፉ ጾታና እንደ አበባው ቆይታ ይለያያል። ትሉን የሚጎዳው ደግሞ ሰውንም ይጎዳል። ኮሶ ሲበዛ ብርቱ ትውከትና ተቅማጥ ከማስከተሉም በላይ የዐይን ነርቭን ጎድቶ ለዕውርነት እንደዳረገ በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል።

ዛሬ መጠናቸው በሚሊግራም የታወቀ ፕራዚኳንቴልና ኒክሎሳማይድ አሉ፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ የሚወሰዱ ናቸው። ከሁሉ የሚሻለው ግን መከላከል ነው፦ ሥጋው እስከ ውስጡ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ ቢበስል የትሉ ዕጭ ይሞታል።

ውድ አንባብያን፣ ስለ ሌላም ሥር ወይም ቅጠል ሲነገራችሁ እነዚህኑ ጥያቄዎች አንሡ፦ ምን ያህል ይወሰዳል? መዳኑስ በምን ታወቀ?