የጥርኝ ባለቤት ማን ነው?

በጉለሌ የሚነግድ ሰው ወደ እንጦጦ ቀና ብሎ ቢመለከት፣ የባለቤትነት መብትና ገበያ የአንድን ተራራ መልክ እንዴት እንደሚለውጡ ለመረዳት አያዳግተውም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ በተራራውና በግርጌው የተስፋፋው በትእዛዝ ብቻ አይደለም፤ ባለ መሬቱ አጣናና ማገዶ እየሸጠ ገንዘብ ስላገኘበት ጭምር ነው። ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ስለዚህ የዛሬው ሽያጭ የነገውን ዛፍ አላጠፋም፤ ባለቤቱም ጉቶውን ይጠብቅ ነበር።

ይህ ደንብ ለዱር እንስሳትም ይሠራ እንደ ሆነ ለመመርመር፣ ለነጋዴ ከዝባድ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ዝባድ ጥርኝ ከተባለው አውሬ የሚገኝ፣ የሽቶን መዓዛ አጽንቶ የሚያቆይ ቅባት ነው። በ19ኛው ምእተ ዓመት ከሊሙ እናርያ እየተነሣ በጎጃም የባሶ ገበያ በኩል ወደ ጎንደርና ወደ ምጽዋ ይሄድ ነበር። በኋላም በቀንድ እየታሸገ ለፈረንሳይ ሽቶ ሠሪዎች ሲላክ፣ ኢትዮጵያ የዓለም ዋነኛ አቅራቢ ለመሆን በቅታለች።

ይሁን እንጂ ባለ ጥርኙ አርቢ ይባላል እንጂ ጥርኝ አያራባም። ወንዱን ከጫካ በወጥመድ ይዞ በጠባብ የእንጨት ማጎሪያ ያስቀምጠዋል፤ ሥጋና ገንፎ እየቀለበ ዝባዱን በየጊዜው ይጠርጋል። አውሬው በሞተ ጊዜ ሌላ ለመያዝ ወደ ጫካ ይመለሳል። እንግዲህ ባለቤት ያለው የታሰረው ጥርኝ ብቻ ነው፤ ምትኩን የሚያበቅለው ጫካ ግን ከትርፉ አንዳች አይደርሰውም። ባሕር ዛፍና ጥርኝ የሚለያዩት በዚህ ነው።

ገበያውም ቢሆን ለዘላለም አይጠብቅም። ስዊዘርላንዳዊው ሊቅ ሌኦፖልድ ሩዚችካ የዝባድን መዓዛ ምሥጢር በ1926 እ.ኤ.አ. ከገለጠ ወዲህ፣ ሽቶ ሠሪዎች በፋብሪካ የተሠራ ምትክ አግኝተዋል። በአውሬው ላይ የሚደርሰው ሥቃይ በውጭ አገር ተቃውሞ አስነሥቷል። ቅቤና ሌላ ባዕድ ነገር መቀላቀልም የዕቃውን ስም አጉድፏል።

መፍትሔው ከራሱ ከአውሬው ጠባይ ሊገኝ ይችላል። ጥርኝ በዱር ሳለ ዝባዱን በዛፍ ግንድና በቁጥቋጦ ላይ እየለቀለቀ ምልክት ያደርጋል፤ ተመራማሪዎች ይህን በመናገሻ ሱባ ደን አጥንተዋል። በ1987 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ንብረት ቢሆኑም፣ በጭልሞና በቦንጋ የአካባቢው ነዋሪዎች በማኅበር ተደራጅተው ደን የመጠበቅና የመጠቀም መብት አግኝተዋል። እንዲህ ያለ ማኅበር ከማርና ከጫካ ቡና ጎን፣ በዛፍ ላይ የተለቀለቀውን ዝባድ እየሰበሰበ ቢሸጥ፣ ለእርሱ የቆመው ዛፍ ከተቆረጠው፣ የተፈታው ጥርኝ ከታሰረው የሚበልጥ ዋጋ ይኖረዋል።

በዚህ በኩል የላኪው ድርሻ ቀላል አይደለም። ጫካ የተለቀመ ዝባድ እንደ ማጎሪያው በብዛት አይገኝምና፣ ዋጋው ከፍ ካላለ ሰብሳቢው አይደክምበትም። ስለዚህ ላኪው ከየት ደን እንደ መጣ የታወቀውን፣ ያልተቀላቀለውን ዝባድ ለይቶ ይግዛ፤ ለባዕድ ገዢም ይህንኑ እያስረዳ በተሻለ ዋጋ ይሽጥ። ባለቤትነት አውሬን የሚያድነው ባለቤቱ የሚጠቀመው ከአውሬው መያዝ ሳይሆን ከመኖሩ ሲሆን ነው።