ሞተሩ ምን ያህል አየር ሳበ?

አንድ ግራም ቤንዚን በአግባቡ ለመቃጠል 14.7 ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። በዲኤክስ ኮሮላ ዘመን ይህን የሚመጥነው ካርቡራተር ነበር። ካርቡራተር የአየሩን መሳሳት አያውቅም፤ ቆላ ላይ የተስተካከለው ደጋ ሲወጣ ቤንዚን ያበዛል፣ ጥቁር ጭስ ያስተፋል። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ እፍግታ በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነውና። ባለ ኢንጀክተር መኪና ግን ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ሲወርድ ማንም ካቻቢቴ አንስቶ አያስተካክለውም። በብዙዎቹ ላይ የሚገባውን አየር በክብደት የሚለካ ሴንሰር አለ፤ ጋራዥ ውስጥ ኤር ፍሎ ሴንሰር ይሉታል። (አንዳንድ ሞተሮች ይህ ሳይኖራቸው በማኒፎልዱ ግፊት ያሰላሉ። የእርስዎ የትኛው እንደሆነ አስቀድመው ያረጋግጡ።)

ቦታው ከአየር ማጣሪያው ቤት ቀጥሎ ነው። ውስጡ በኤሌክትሪክ የሚግል ቀጭን የፕላቲነም ሽቦ ወይም ስስ ዝርግ አለ። ትኩስ ሻይ እፍ ሲሉበት እንደሚበርድ ሁሉ የሚያልፈው አየር ሽቦውን ያበርደዋል፤ ሙቀቱን ለመመለስ የሚጨመረው ኤሌክትሪክ የአየሩ ልክ ነው። ሽቦው ላይ አቧራና የዘይት ጭጋግ ሲጋገር ግን አየሩ በደንብ አያበርደውም፤ ሴንሰሩም ከገባው ያነሰ አየር ይዘግባል። የሞተሩ ኮምፒውተር አምኖት ቤንዚን ይቀንሳል። መኪናው ዳገት ላይ ይደክማል፣ ነዳጅ ሲረገጥ ያመነታል፣ አንዳንዴም ቆሞ ሳለ ይጠፋል። ችግሩ ከጅምሩ የታወቀ ነበር፤ ቦሽ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ባወጣው ሥርዓት ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ሽቦው ለአንድ ሰከንድ ያህል እስከ 1,000 ዲግሪ ገደማ ግሎ ቆሻሻውን ያቃጥል ነበር። የዛሬዎቹ አብዛኞቹ ይህን አያደርጉም።

ቼክ ኢንጅን በርቶ ስካነሩ ፒ0171 ሲያሳይ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ፍርድ «ሴንሰሩ ሞቷል» ነው። የችኮላ ፍርድ ነው። ኮዱ ቤንዚኑ ለአየሩ አንሷል ይላል እንጂ ማን እንዳሳነሰው አይናገርም። እዚያው ስካነር ላይ ግን ፊውል ትሪም የሚባል ቁጥር አለ፤ ኮምፒውተሩ ስህተቱን ለማካካስ የሚጨምረው ወይም የሚቀንሰው ቤንዚን በመቶኛ ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ በሚኒሞ፣ ማለትም ፔዳሉ ሳይረገጥ፣ ያንብቡት። ከዚያ ዙሩን 2,500 ላይ ይዘው እንደገና። በሚኒሞ 20 ከመቶ የነበረው ዙር ሲጨምር ወደ ዜሮ ከቀረበ፣ ከሴንሰሩ በኋላ ያለው ጎማ ቱቦ ተሰንጥቆ ወይም ማሰሪያው ላልቶ ያልተለካ አየር እየገባ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው ቁጥሩ ከዙሩ ጋር ካደገ ሴንሰሩን ይጠርጥሩ። የደከመ የነዳጅ ፓምፕ ወይም የተደፈነ የነዳጅ ማጣሪያም ይህንኑ ስለሚያሳይ፣ ከመግዛት ማጽዳት ይቅደም።

ቁልፉን አጥፍተው የባትሪውን ኔጌቲቭ ይፍቱ፤ ሶኬቱን ይንቀሉ። ሴንሰሩን የያዘው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ብሎን ነው። ለኤር ፍሎ ሴንሰር የተሠራ ማጽጃ ስፕሬይ ከትንሽ ርቀት ደጋግመው ይርጩበት፤ አጠገቡ ያለችውን የሙቀት መለኪያ ጠብታም አይርሱ። በጣት፣ በጥጥ፣ በጥርስ ብሩሽ አይንኩት፤ በኮምፕሬሰርም አይንፉት፤ ሽቦው ይበጠሳል። የካርቡራተርና የፍሬን ማጽጃ ፕላስቲኩን ሊጎዳ ይችላል። በቤንዚን የሚያጥቡም አሉ። ቤንዚን ቅሪት ይተዋል፤ ሳይደርቅ ከተገጠመ ደግሞ በሚግል ሽቦ ላይ ምን እንደሚያደርግ መገመት አያቅትም። ስፕሬዩ በራሱ እስኪደርቅ ሩብ ሰዓት ያህል ይታገሡ፤ የአየሩን አቅጣጫ የሚያሳየውን ቀስት አይተው ይግጠሙ፤ ኮዱን ያጥፉ፤ ትንሽ ነድተውም ያንኑ ሁለት ቁጥር እንደገና ያንብቡ።

ቁጥሩ ካልተሻሻለ የነዳጅ ግፊቱን ያስለኩ፤ እሱ ደህና ከሆነ ሴንሰር መቀየር ያኔ ነው። ከተሻሻለ ግን አቧራው ከየት እንደገባ ይፈልጉ። እኔ ቀድሜ የምጠረጥረው የተነፋ የአየር ማጣሪያ (ፊልትሮ) ነው። ወረቀቱ በኮምፕሬሰር ኃይል ሲነፋ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ያወጣል፤ ንጹሕ መስሎ ተመልሶ ይገጠማል፣ አቧራውን ግን ያሳልፋል። ፊልትሮዎን አያስነፉ፤ ይቀይሩት።