ሠላሳ ዓመት የምትኖር ፍልፈል

በሶማሌ ክልል ፊልቱን ይዞ በሚዘረጋው ደረቅ ቆላ ዝናብ ምድሩን ሲያለሰልሰው አነስተኛ የአፈር ቁልል ከመሬት ብቅ ይላል። ከአናቱ አፈር ቡፍ ቡፍ ይላል፤ ትንሽ እሳተ ገሞራ ነው የሚመስለው። አፈሩን የምትተፋው ራቁቷ ፍልፈል ናት። የፊተኛዋ በጥርሷ ትቆፍራለች፣ የተሰለፉት አፈሩን ወደ ኋላ ያሳልፋሉ፣ የመጨረሻዋ በእግሯ ወደ ውጭ ትረጨዋለች። ከንፈሯ ከጥርሷ በስተኋላ ስለሚገጥም ስትቆፍር አፈር አትበላም።

መልኳስ? ፀጉር የሌላት፣ ቆዳዋ የተጨማደደ፤ ገና ሳታረጅ ያረጀች ትመስላለች። አይጥ ሦስት ዓመት ከኖረች ብዙ ነው፤ በቁመናዋ ብዙም የማትበልጣት ይህች ፍልፈል ግን በቤተ ሙከራ ከ30 ዓመት በላይ ኖራለች።

ምስጢሯን ፍለጋ ሳይንቲስቶች ወደ ሚቶኮንድሪያዋ ገቡ። ሚቶኮንድሪያ በሕዋስ ውስጥ ያለ ደቃቅ ምድጃ ነው፤ የበላነውን በኦክስጅን አንድዶ ኃይል ያወጣል። 37 ዘረመሎች ያሉት የራሱ ዲኤንኤ አለው፤ እሱንም የምንወርሰው ከእናታችን ነው። ምድጃ ሲነድ ፍንጣሪ አይጠፋም። አሜሪካዊው ዴንሃም ሃርማን እ.ኤ.አ. በ1956 እርጅና የሚመጣው ይህ ፍንጣሪ ሕዋስን ቀስ በቀስ ሲያቃጥለው ነው አሉ፤ በ1972 ደግሞ ዋናው መነሻ ሚቶኮንድሪያ ነው ብለው ጠቆሙ። እንግዲያው ዕድሜ ጠገብ እንስሳ ፍንጣሪው ያነሰ መሆን ነበረበት።

ፍልፈሏ ይህን ሒሳብ አፋለሰችው። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣ ጥናት ገና በለጋ ዕድሜዋ ከአይጥ የበለጠ የፍንጣሪ ጉዳት ተገኘባት። ጉዳቱን ተሸክማ ዕድሜዋን ትቆጥራለች! እ.ኤ.አ. በ2019 የካናዳ ተመራማሪዎች ሚቶኮንድሪያዋን ሲለኩ ፍንጣሪ ማመንጨቱ ከአይጥ አይለይም፤ የሚለየው ያመነጨውን ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የተባለ ፍንጣሪ ራሱ መልሶ በማጥፋት ኃይሉ ነው። በእኔ ግምት ይህ ወሬ ፍንጣሪ የሚጠርግ አንቲኦክሲዳንት ነው እያሉ ክኒን ለሚቸረችሩ ብዙም አይመችም፤ መጥረጊያው ያለው ከምድጃው ውስጥ ነውና።

ምድጃው ጨርሶ ቢጠፋስ? ጉድጓዷ ውስጥ ብዙዎች ተፋፍገው ስለሚተኙ አየሩ ይታፈናል። እ.ኤ.አ. በ2017 ተመራማሪዎች ኦክስጅን ጨርሶ በሌለበት ዕቃ ውስጥ ከተቷት። አይጥ ከአንድ ደቂቃ በታች ትሞትበታለች። ፍልፈሏ ራሷን ስታ፣ የልብ ምቷ ዝግ ብሎ፣ ኦክስጅን በማይጠይቅ መንገድ ፍሩክቶስ የተባለውን ስኳር እየተጠቀመች 18 ደቂቃ ቆየች። አየር ሲገባላት ነቅታ መሄድ ጀመረች።