ከሰሉ ደጋ፣ ውሃው ቆላ

ጓንግ ወንዝ ጭልጋ አካባቢ ተነስቶ ወደ ምዕራብ ይወርዳል፤ መተማ ላይ ድንበር ነክቶ ሱዳን ሲገባ አትባራ ይባላል፣ በመጨረሻም ከናይል ይቀላቀላል። ጭልጋ ላይ ጓንግና ሃውጋ ወንዞች በሸረሸሩት ገደል ጎን የከሰል ንብርብር ይታያል። ከሰሉ በተፈጠረበት ዘመን፣ ከዛሬ 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ አገሩ ጫካና ረግረግ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ይፋ የሆነ ጥናት የጥንት የዝሆን ዘመዶች ቅሪተ አካል ከዚሁ ደለል መገኘቱን ገልጿል።

ሲሚንቶ ፋብሪካዎቻችን የሚያነዱትን ከሰል ከአገር ውስጥ ለማግኘት ጥረቱ በበረታበት በዚህ ጊዜ፣ የጭልጋ ከሰል ጉዳይ የጭልጋ ሰው ብቻ አይደለም። ደጋው ላይ ቢቆፈር ታጥቦ የሚሄደው ወደ ቆላው ነው።

ከሰል በተፈጥሮው ፒራይት የተባለ የብረትና የድኝ ማዕድን ይዞ ሊገኝ ይችላል። ከመሬት በታች ተቀብሮ እስካለ ማንንም አይጎዳም። ተቆፍሮ አየርና ውሃ ሲያገኘው ግን አሲድ ይፈጥራል፤ አሲዱ በበኩሉ ከድንጋዩ ብረትና ማንጋኒዝ እያሟሟ ወንዝ ውስጥ ይከታል። ድንጋይ ላይ የሚጋገር ብርቱካናማ ጭቃ ካያችሁ ምልክቱ እሱ ነው። የጭልጋን ከሰል የከበበው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አሲዱን በመጠኑ ሊያለዝበው ይችላል፤ ሆኖም ይህ በግምት የሚታለፍ ነገር አይደለም፣ ድንጋዩ ራሱ ላብራቶሪ ገብቶ መፈተሽ አለበት። አሲዱ ቢለዝብ እንኳ ከድኙ የሚፈጠረው ሰልፌት ከውሃው ጋር ይወርዳል።

ታዲያ የወንዙ ውሃ ክትትል እንዴት ይካሄዳል? ባለሙያው ከማዕድን ማውጫው በላይና በታች ወንዙ ላይ ሁለት ቦታ ይመርጣል፤ ልዩነቱን የሚያሳየው ሁለቱን ማነጻጸር ነውና። ጠርሙሱን በዚያው ወንዝ ውሃ ደጋግሞ ያለቀልቃል፣ አፉን ወደ ፈሰሱ መምጫ አዙሮ ይሞላል፣ ቀኑንና ሰዓቱን ይጽፍበታል። የአሲድ መጠን መለኪያው ፒኤች መንገድ ላይ ስለሚለወጥ እዚያው ወንዙ ዳር ይነበባል። ለመጠጥ ውሃ የተለመደው ከ6.5 እስከ 8.5 ነው፤ በአንድ ቁጥር ዝቅ ማለት አሲዱ አሥር እጥፍ ጨመረ ማለት ነውና ከ7 ወደ 5 መውረዱን ማንም እንደ ቀላል አይየው። ከሁሉም በላይ መታለፍ የሌለበት ክረምት ሲገባ የሚመጣው የመጀመሪያው ጎርፍ ነው፤ በጋውን ሙሉ ተቆፍሮ በወጣው ድንጋይ ክምር ላይ የተጠራቀመውን ጨው በአንድ ጊዜ ጠርጎ ያወርዳል። በጥቅምት ብቻ ናሙና የሚወስድ ሰው ይህን ጎርፍ አያገኘውም።

ይህ ሁሉ ልኬት ግን ቁፋሮው ሳይጀመር የተወሰደ መነሻ ከሌለው ብዙም አይረባም። ወንዙ በፊት እንዴት እንደነበር ካልተጻፈ፣ ኋላ ሲበላሽ ኩባንያው «ድሮም እንዲህ ነበር» ይላል፣ ገበሬውም የሚያቀርበው ማስረጃ አይኖረውም። ለዚህ ነው ከቁፋሮ በፊት የተወሰደች የአንድ ዓመት መዝገብ ከኋለኛው አሥር ዓመት ልኬት ትበልጣለች የምለው።

መሬቱም እንደዚሁ ነው። ላይኛው ለም አፈር በመጀመሪያው ቀን ተገፎ ለብቻው ካልተቀመጠ ከድንጋይ ጋር ይቀላቀልና ይባክናል፤ ጉድጓዱ ሲሞላም ለም አፈሩ ተመልሶ ከላይ ይነጠፋል። ክምር የሚቆለልበት ቦታም ይመረጣል። በዌልስ አበርፋን በተባለች መንደር የከሰል ማዕድን ክምር ምንጭ ላይ ተቆልሎ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 21 ቀን 1966 ተንዶ 144 ሰው ገደለ፣ 116ቱ ሕፃናት ነበሩ። ለም አፈሩ ከተነጠፈ በኋላ ተከላው ይቀጥላል፦ ሣር አስቀድሞ፣ ዛፍ ተከትሎ፣ ያውም የአገሩ ዛፍ። ችግኝ ተክሎ ፎቶ ተነስቶ መሄድ መሬት ማልማት አይደለም።

ሕጉ አለን። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የጥናቱ ሰነድ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰጥበት ያዛል፤ የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ደግሞ ባለፈቃዱ ለመሬት ማገገሚያ ገንዘብ እንዲመድብ ያስገድዳል። እንግዲህ ቆላ ያላችሁ የገንዳ ውሃና የመተማ ሰዎች፣ ጭልጋ ላይ ፈቃድ ተሰጠ ሲባል ከሰማችሁ ሰነዱን ጠይቁ፤ ስታገኙትም አስቀድማችሁ የጓንግ ውሃ የተለካበትን ቀን ፈልጉ።